ቤቱ ከተሠራ በኋላ ለምን ይሰምጣል? የአፈር ኮንሶሊዴሽን ምርመራ ሲብራራ

አዲስ ቤት ተገባ፣ ተመረቀ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ግድግዳው ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ወጣ፣ በሩም አልዘጋ አለ። እኛ ወዲያው የምንጠረጥረው ሲሚንቶውን ወይም ብረቱን ነው። አንዳንዴ ግን ችግሩ ያለው ከሁሉም በታች፣ አፈሩ ውስጥ ነው። ይህን ቀድሞ የሚነግር የላብራቶሪ ምርመራ አለ። ዛሬ እሱን እናያለን።

📌 አፈር እንዴት ይጨመቃል?

ሸክላ አፈር በጣም ደቃቅ ቅንጣቶች አሉት፤ በመሃላቸው ደግሞ ውሃ አለ። ሕንፃ ሲያርፍበት ጫናውን መጀመሪያ የሚሸከመው ውሃው ነው። ከዚያ ውሃው ቀስ እያለ ይወጣል፣ ቅንጣቶቹ ይጠጋጋሉ፣ ሕንፃውም አብሮ ይወርዳል። አይብ በጨርቅ ተቋጥሮ ሲጠል አስቡት፤ አጓቱ በወጣ ቁጥር አይቡ ይጠብቃል፣ መጠኑም ይቀንሳል። ኮንሶሊዴሽን የሚባለው ይኸው ነው።

አሸዋ ውስጥ ውሃው ቶሎ ስለሚወጣ አብዛኛው መስመጥ ግንባታው ላይ እያለ ያልቃል። ሸክላ ውስጥ ግን ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

ይህን በስሌት ያስቀመጠው ኦስትሪያዊው መሐንዲስ ካርል ቴርዛጊ ነው። ኢስታንቡል ውስጥ እያስተማረ ከሠራቸው ሙከራዎች ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1925 ያሳተመው መጽሐፍ የዘመናዊው የአፈር ሜካኒክስ መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል።

📌 ላብራቶሪ ውስጥ ምን ይደረጋል?

1. ቦታው ላይ ተቆፍሮ አፈሩ ሳይረበሽ በስስ የብረት ቱቦ ይወጣል። እርጥበቱ እንዳይጠፋ ጫፉ በሰም ይታሸጋል። በአካፋ ተዝቆ በፌስታል የመጣ አፈር ለዚህ አይሆንም።

2. 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ክብ ናሙና ተቆርጦ በብረት ቀለበት ውስጥ ይገባል። ቀለበቱ ወደ ጎን እንዳይሰፋ ይይዘዋል። ከላይና ከታች ውሃ የሚያሳልፍ ድንጋይ ይደረግበታል፣ ከዚያም ውሃ ውስጥ ይቀመጣል።

3. ክብደት እጥፍ እጥፍ እየሆነ ይጫንበታል። ለምሳሌ በካሬ ሜትር 2.5 ቶን፣ ከዚያ 5፣ 10፣ 20፣ 40፣ 80። እያንዳንዱ ጫና ብዙውን ጊዜ 24 ሰዓት ይቆያል።

4. ናሙናው ስንት እንደወረደ በሰከንድ፣ በደቂቃና በሰዓት ልዩነት ይመዘገባል። መጨረሻ ላይ ክብደቱ ሲነሳ ምን ያህል ተመልሶ እንደሚያብጥም ይታያል።

በዚህ በተለመደው አሠራር አንድ ናሙና ብቻውን ሳምንት አካባቢ ይወስዳል። በሁለት ቀን ውጤት ደረሰ ከተባላችሁ "እንዴት?" ብላችሁ ጠይቁ።

📌 ውጤቱ ምን ይነግረናል?

ሁለት ነገር፦ ምን ያህል ይሰምጣል? በስንት ጊዜ?

እስቲ በቀላሉ እናስላ። 20 ሚሊ ሜትሩ ናሙና በሕንፃው ጫና 0.5 ሚሊ ሜትር ከወረደ 2.5% ተጨመቀ ማለት ነው። መሬት ውስጥ ያለው ሸክላ 4 ሜትር ውፍረት ካለውና ጫናው እኩል ከደረሰው 10 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። (በተግባር ጫናው ወደ ታች እየቀነሰ ስለሚሄድ መሐንዲሱ አፈሩን በንብርብር ከፋፍሎ ያሰላል።)

ጊዜው ደግሞ ይገርማል። ውፍረቱ በእጥፍ ሲጨምር ጊዜው በአራት እጥፍ ይጨምራል። 4 ሜትር የናሙናው 200 እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ጊዜው 40,000 እጥፍ ይሆናል። ናሙናው አብዛኛውን መጨመቅ በ1 ሰዓት ከጨረሰ፣ ውሃው እንደ ናሙናው ከላይም ከታችም መውጫ ካለው፣ መሬቱ ከ4 ዓመት ተኩል በላይ ይፈልጋል!

📌 ከፒሳ ግንብ ምን እንማራለን?

ጣሊያን ያለው የፒሳ ግንብ እ.ኤ.አ. በ1173 ተጀመረ። ገና ጥቂት ፎቅ እንደወጣ ሥራው ለመቶ ዓመት ገደማ ቆመ። ያ እረፍት ከስሩ ያለው ለስላሳ ሸክላ ውሃውን አውጥቶ እንዲጠነክር ጊዜ ሰጠው። አጥኚዎች እንደሚሉት ሳይቆም ቢሠራ ኖሮ ያኔውኑ ይወድቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ለደኅንነት ሲባል ተዘጋ፤ ባላዘመመው በኩል ከስሩ አፈር እየተወሰደ ትንሽ ቀና ካለ በኋላ በ2001 ተከፈተ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ቤት ሁሉም በኩል እኩል ቢወርድ ጉዳቱ ያንሳል። ግድግዳ የሚሰነጥቀውና ቧንቧ የሚሰብረው አንዱ ጎን ከሌላው በልጦ ሲወርድ ነው።

📌 ወደ እኛ ስንመጣ

እንደ ቦሌና አቃቂ ቃሊቲ ባሉ የአዲስ አበባ አካባቢዎች ያለው ጥቁር ዋልካ ሌላ ጠባይ አለው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ይህ ከኮንሶሊዴሽን የተለየ ችግር ነው። ማበጡን ግን በዚሁ መሣሪያ መለካት ይቻላል።

ምርመራው ለሁሉም ቤት አያስፈልግም፤ አለት ላይ ለሚያርፍ ትርፍ ወጪ ነው። ለስላሳ ሸክላ ላይ ጂ ፕላስ ምናምን ለሚያስብ ግን እነዚህን ይጠይቅ፦

▪️ ስንት ቦታ፣ እስከ ስንት ሜትር ተቆፈረ?
▪️ ናሙናው ያልተረበሸ ነው?
▪️ የሚጠበቀው መስመጥ በሚሊ ሜትር፣ ጊዜውም በዓመት ተጽፏል?
▪️ በኮለኖች መካከል ያለው ልዩነትስ?

ውጤቱ መጥፎ ቢሆንም መፍትሔ አለው፦ አፈሩን መቀየር፣ ቀድሞ ሙሌት ጭኖ መጠበቅ፣ ወይም ጠንካራው ንብርብር ድረስ ፓይል ማውረድ። ይህ ሁሉ የሚቀለው ግን ከግንባታ በፊት ነው። ስንጥቁ የሚመጣው ኮንትራክተሩ ሂሳቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ነውና።

ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው ካወቃችሁ፣ መሠረት ሳያስቆፍር ይህን አድርሱት።