አኩርፋ የምትሄድበት ቤት

በሰሜኑ ደጋ አገር፣ በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎና በሰሜን ሸዋ ገጠር፣ ባሏ የመታት ሚስት ምን እንደምታደርግ የታወቀ ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ፣ የሚጠባ ልጅ ካላት አዝላ፣ አኩርፋ አባቷ ቤት ትገባለች። ባል ለጥቂት ቀን ችላ ይላል። ውሎ ሲያድር ግን የሚጋግርለት፣ ውኃ የሚቀዳለት ይጠፋል፤ ጎረቤቱም ማማት ይጀምራል። ያን ጊዜ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ከአማቱ ደጅ ቆመው «ግቡ» እስኪባሉ ይጠብቃሉ። ጥፋቱ ከበድ ያለ እንደሆነ ባልየው ራሱ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪባልም አያወርደውም። ከዚያ ካሳ ይቆረጣል፤ ዳግመኛ እጁን እንዳያነሳባት ዋስ ይጠራል። ዋስነቱ ቀልድ አልነበረም። ባል ቃሉን ቢያፈርስ ዕዳው በዋሱ ላይ ስለሚመጣ፣ ከሽማግሌዎቹ ይልቅ ያን ቤት በዓይነ ቁራኛ የሚጠብቀው እሱ ነበር።

ይህን ሥርዓት ዛሬ የሚያነሱት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ለሽምግልና ሊሟገቱ ነው። ፖሊስና ፍርድ ቤት ጣልቃ ሳይገቡ የባልና የሚስትን ጠብ የሚያበርድ ባህል ነበረን፣ ያንን ትተን ነው ትዳር የሚፈርሰው ይላሉ። ባህሉ መኖሩን አልክድም። ክርክሬ ጉልበቱን ከየት ያገኝ ነበር በሚለው ላይ ነው። የሽማግሌ ቃል የሚከበረው ሚስት «አልመለስም» ብትል በእርግጥ ልትቀር ስለምትችል ነበር፤ ልትቀር የምትችለው ደግሞ መሬትና ወገን ስላላት ነው። ርስት በደጋው በአባትም በእናትም ወገን ይወረስ ነበርና ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ከሁለቱም ወገን ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበራት። አለን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው መጽሐፍ ይህን የርስት አወራረድ በዝርዝር ያሳያል። ዶናልድ ክራሚም የጎንደር ዘመን የመሬት ሰነዶችን መርምሮ ሴቶች በገዛ ስማቸው የመሬት ባለቤት ሆነው አግኝቷቸዋል። አብዛኛው ሕዝብ የሚጋባው በሰማንያ ነበር። በዚህ ጋብቻ አብሮ የተፈራው ሀብት በፍቺ ጊዜ እኩል ይከፈላል። የማይፈታው የቁርባን ጋብቻ በአመዛኙ የካህናትና ዕድሜያቸው የገፋ ጥንዶች ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር የተቀመጠው ጄምስ ብሩስ የጋብቻውንና የፍቺውን ቅለት አይቶ ተገርሞ ጽፏል፤ ብሩስን ያልገረመው ነገር ጥቂት ቢሆንም፣ ይህን ግን ከእሱ በኋላ የመጡ መንገደኞችም ደግመውታል። ፈትቶ ማግባት ነውር እንዳልነበር ለማየት ቤተ መንግሥቱን መመልከት ይበቃል። እቴጌ ጣይቱ ከምኒልክ በፊት ባሎች ነበሯቸው፤ ንግሥት ዘውዲቱም አራት ጊዜ ተድረዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሥዕሉ አላማረም ወይ ሊለኝ ይችላል፤ ተቃውሞውም ተገቢ ነው። ሴት ርስት ቢኖራትም አታርስም፤ ሞፈርና ቀንበር የወንድ ነው። መሬቷ የሚጠቅማት ወንድሟ ወይም ሌላ ባል ሲያርስላት ነው፤ ወንድም ደግሞ የእህቱን ድርሻ እንደራሱ መቁጠር የለመደ ሊሆን ይችላል። በስምንት በዘጠኝ ዓመቷ ተድራ አማቷ ቤት ያደገች ልጅ አኩርፋ መሄድን የምታውቀው ገና ብዙ ከተመታች በኋላ ነው። አባቷ ድሃ ከሆነ፣ ወይም ከአማቹ ጋር የጥቅም ገመድ ካለው፣ ሽማግሌ ሳይላክ ራሱ እጇን ይዞ ይመልሳታል። ደሞዝ ተቆርጦላት የገባች ሚስት፣ ገረድ፣ ከሩቅ አገር የመጣች ሴት፣ የምታኮርፍበት ደጅ አልነበራቸውም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ኮብልለው ከተማ ገብተዋል። በየገበያው ዳር ጠላና አረቄ እየሸጡ ያረጁት ሴቶች ታሪክ በከፊል ከትዳር ያመለጡ ሴቶች ታሪክ ነው። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል» የሚለው ተረት የተተረተውም በዚሁ ርስት በሚወረስበት አገር ነው። ይህ ሁሉ ግን ክርክሬን አያፈርሰውም፤ እንዲያውም ያጠነክረዋል። ሽማግሌው በሁሉም መንደር ነበረ። ጥበቃው ግን የሚደርሰው መሄጃ ላላት ብቻ ነበር። ሴት በገዛ ፈቃዷ መፍታት በማትችልበት የጉራጌ አገር የቃቄ ወርድወት የተባለች ሴት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የየጆካን የአገር ሸንጎ ስትሞግት የጠየቀችው ደግ አስታራቂ አልነበረም። የጠየቀችው ከትዳር የመውጣት መብት ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጣ በሽማግሌውና በሚስት መሄጃ መካከል የነበረው ሚዛን ተዛባ። ረቂቁን የጻፉት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። አንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ ራስ አደረገው፤ ሚስት ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው አዘዘ። የጋራ መኖሪያውን የሚመርጠውም ባል ሆነ። ሽማግሌዎቹ «የቤተ ዘመድ ሽማግሌ» ተብለው ሕግ ውስጥ ገቡ፤ የፍቺ ውሳኔም በእጃቸው ሆነ። ለፍቺ ከባድ ምክንያት ተብለው የተዘረዘሩት ምንዝር፣ ቤት ጥሎ መጥፋት፣ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል መግባትና የመሳሰሉት ናቸው። ዱላ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያለ ከባድ ምክንያት ፍቺ የጠየቀ ወገን በንብረት ክፍፍል ሊቀጣ ይችል ስለነበር፣ በሰማንያ ጊዜ ግማሿን ይዛ የምትወጣው ሚስት አሁን መመታቷን ይዛ ብትመጣ የምትከስር ሆነች። ሕግ አውጪዎቹ ያሰቡት እንደ ልብ የሚፈርሰውን ትዳር ማጽናት ነው የሚል መከራከሪያ አለ፤ ሐሳባቸው ያ እንደነበርም አምናለሁ። ነገር ግን ትዳርን በር በመዝጋት ያጸና ሰው በውስጡ ማን ከማን ጋር እንደተዘጋ መጠየቅ ነበረበት። ከዚያ ቀደም ብሎ የወጣው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሚስትን መምታት ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ ያላነሳ ከመሆኑም በላይ፣ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር።

ሁለተኛው ለውጥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሻረ። አዋጁ መሬት ያለ ጾታ ልዩነት እንደሚሰጥ ቢናገርም የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ በአብዛኛው የሰፈረው የአባወራው ስም ነው። ጭሰኛው ከባለመሬት ነፃ መውጣቱ ትልቅ ነገር ነበር፤ ያንን ማሳነስ አልፈልግም። ቢሆንም በአባትና በእናት ወገን የሚቆጠረው የሴቷ ድርሻ አብሮ ጠፋ። ወደ ከተማ የፈለሰው ቤተሰብ ዘንድ ደግሞ ደመወዙ የባል፣ የቀበሌው ቤት ውል በባል ስም፣ የሚስት አባት ቤት የሁለት ቀን መንገድ ሆነ። ሽማግሌው ግን ከተማም ተከትሏት ገባ። «የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም» እያለ ይመልሳታል፤ የሚጠራ ዋስ የለም፣ የሚቆረጥ ካሳም የለም። በኔ አስተያየት ሽምግልናው የተበላሸው ሽማግሌዎቹ ስለከፉ አይደለም፤ ከጀርባቸው ቆሞ የነበረው መሬት ስለተነሳ ነው።

ይህ በልጆች ላይ ያመጣውን ለመረዳት «ለልጆቼ ስል ነው የኖርኩት» የሚለውን የእናቶች ንግግር በቁም ነገር መውሰድ ያስፈልጋል። በቀድሞው ሥርዓት ትንሹን ልጅ አዝሎ መሄድ ይቻል ነበር፤ የአያት ቤት እህል አለ። መሄጃው ሲጠፋ ምርጫው ልጆችን ለእንጀራ እናት ትቶ መውጣት ወይም አብሮ መመታት ሆነ። የቆየችው እናት ልጆቿን ከረሃብ አድናለች፤ ልጆቿ ግን አባት ሲገባ ድምፅን መቀነስ፣ የበሩን አከፋፈት ሰምቶ ስካሩን መለካት ተምረዋል። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች አባቷ እናቷን ሲመታ ያየች ሴት በራሷ ትዳርም የመመታት ዕድሏ ከፍ ያለ መሆኑን ያሳያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ባለ ብዙ አገር ጥናት፣ በቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት ትዳር የያዙ ወይም ይዘው የነበሩ ሴቶች 71 በመቶው በሕይወታቸው ከባል የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ደርሶባቸዋል።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይቀራል፤ ሴቶቹ ራሳቸው ዱላውን ያጸድቁት የለም ወይ የሚል። በ1997ቱ አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ወጥ ስታሳርር፣ ሳትናገር ስትወጣ፣ ልጅ ችላ ስትልና በመሳሰሉት ከአንዱ እንኳ ባል ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 81 በመቶ ነበሩ፤ ከወንዶቹ ይበልጣሉ። በ2008ቱ ወደ 63 በመቶ ወርዷል። ነገሩ እምነት ብቻ ቢሆን ኖሮ በ11 ዓመት ይህን ያህል ባልተንሸራተተ። ይልቅ ይህ መልስ የሚሰጠው ከማይወጣበት ቤት ውስጥ ሆኖ ነው፤ መውጫ የሌለው ሰው ለሚደርስበት ነገር ምክንያት ይፈልግለታል። በእነዚያው ዓመታትና ከእነሱ ቀደም ብሎ ብዙ ነገር ተለውጧል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በጋብቻም በፍቺም እኩልነትን ደነገገ። የ1992ቱ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ የባልን ራስነት ሽሮ ፍቺን ከሽማግሌ እጅ ወደ ፍርድ ቤት መለሰ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በስሙ ጠራ። በአማራ ክልል የመሬት ማረጋገጫ ደብተር የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጠፈበት። ከሁሉም ይበልጥ ለቀድሞው የአባት ቤት የሚቀርበው ይህ ደብተር ነው፤ ምናልባትም ይበልጠዋል፣ የወንድምን ፈቃድ አይጠይቅምና።

ለከተማዋ ሴት ግን ደብተሩ አይደርሳትም። እንደ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ያሉ ድርጅቶች ከ1990ዎቹ ጀምሮ መጠለያ ከፍተዋል፤ አልጋው ከፈላጊው ጋር አይመጣጠንም፣ ቆይታውም በወራት የሚቆጠር ነው። በትዳር ውስጥ ያለ አስገድዶ መድፈርን የ1996ቱም ሕግ ከወንጀል ዝርዝር ውጭ ትቶታል። የቤት ውስጥ ጥቃትን ብቻ የሚመለከት ራሱን የቻለ አዋጅም የለንም። ሚስት የፍቺ አቤቱታ ስታቀርብ ዳኛው ማን ከቤት ይውጣ የሚለውን ሊያይ ይችላል፤ ትዳሩን ሳታፈርስ መቺውን ለጊዜው ከቤት አስወጥታ ከልጆቿ ጋር የምታድርበት መንገድ ግን አልተበጀላትም። ስለዚህ ነጠላዋን አጣፍታ የምትወጣው ዛሬም የተመታችው ናት፤ ሽማግሌ ቢላክ እንኳ የሚቆምበትን ደጅ መጀመሪያ እሷ ማግኘት አለባት።