ከኋላ ወንበር፦ የዶርቸስተር ታዳጊ መምህራንና ከጎናቸው የቆሙ አዋቂዎች

እ.ኤ.አ. በ1990 ቦስተን ከተማ ውስጥ 152 ሰዎች ተገደሉ። ጥይቱ የበረታው በሮክስበሪ፣ በዶርቸስተርና በማታፓን ሰፈሮች ነበር፤ ከሟቾቹም ከገዳዮቹም ብዙዎቹ ገና ጎረምሶች ነበሩ። በ1999 የሟቾቹ ቁጥር ወደ 31 ወረደ። ይህን ለውጥ የሚተርክልን ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ከፖሊስና ከቀሳውስት ይጀምራል። በ1992 ማታፓን በሚገኘው ሞርኒንግ ስታር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የቀብር ጸሎት በመደረግ ላይ ሳለ ጎረምሶች ገብተው አንድ ወጣት በጩቤ ወጉ። ከዚያ በኋላ ጥቁር ፓስተሮች ተሰባስበው ቴን ፖይንት ኮአሊሽንን መሠረቱ። በ1996 ደግሞ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና የሰፈር ሠራተኞች ተባብረው ኦፕሬሽን ሲዝፋየርን ጀመሩ። ሁለቱም ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። እኔን ግን ትረካው ከዚያ መጀመሩ ይከፋኛል፤ ከእነሱ በፊት በየክፍሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው እኩዮቻቸውን ያስተማሩ ልጆች ነበሩ፤ ከኋላቸውም ያለ ክፍያ የተቀመጡ አዋቂዎች።

የምኖረው ዶርቸስተር ውስጥ፣ ፊልድስ ኮርነር አጠገብ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ ጠብና ስለ ፍቅረኛ ጥቃት እኩዮቻቸውን የሚያስተምሩ ታዳጊዎችን በበጎ ፈቃድ አግዛለሁ። ስለዚህ ይህ ታሪክ ለእኔ የሰፈሬ ታሪክ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ዲቦራ ፕሮዝሮው-ስቲዝ በ1970ዎቹ መጨረሻ ቦስተን ውስጥ የሕክምና ተማሪ ነበረች። አንድ ሌሊት በጩቤ የተወጋ ወጣት ቁስሉን ሰፋችለት። ወጣቱ ሲወጣ እንዳትተኛ ነገራት፤ የወጋውን ሰው ፈልጎ እንደሚያገኘውና እሱንም መስፋት እንደሚኖርባት። ራሱን ሊያጠፋ የሞከረ ሰው ቢመጣ ሐኪሙ ቁስሉን ሰፍቶ ብቻ አይሸኘውም፤ ምን እንዳሰበ ይጠይቃል፣ ወደሚረዳው ሰው ይልካል። ሰው ሊገድል ያሰበውን ግን ሰፍተን እንሸኘዋለን፤ ለምን? ይህ ጥያቄ አልለቀቃትም። ወደ ቦስተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወረደችና ለጤና ክፍለ ጊዜ የሚሆን ትምህርት አዘጋጀች፤ ትምህርቱ በ1987 ታተመ። በዚያው ዓመት የማሳቹሴትስ ግዛት የጤና ኮሚሽነር ሆነች።

ከዚያ ትምህርት ውስጥ እስከ ዛሬ የምንጠቀምበት አንድ ነገር አለ። ልጆቹ መጀመሪያ የሚያናድዳቸውን ይዘረዝራሉ። ቀጥሎ ከመደባደብ የሚገኘውን ጥቅም በአንድ በኩል፣ ጉዳቱን በሌላ በኩል በሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ። አስተማሪው አይፈርድም። ጥቅም የለውም ብሎ የሚጀምር አዋቂ በዚያው ደቂቃ ክፍሉን ያጣል፤ ልጆቹ ጥቅም እንዳለው ያውቃሉና፦ ክብር፣ መፈራት፣ ነገ ደግሞ እንዳይነኩ መከበር። ይህን ሳይደብቁ ከጻፉ በኋላ ነው ሌላው ዝርዝር እየረዘመ የሚሄደው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዶክተር አልሪክ ጆንሰን የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዶርቸስተር ውስጥ ቲንስ አጌንስት ጋንግ ቫዮለንስ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ቡድን አቋቋመ። ታዳጊዎቹ በየትምህርት ቤቱና በየወላጆች ስብሰባ እየዞሩ ያስተምሩ ነበር። አቋማቸው ያኔ ብዙ አዋቂዎችን ግራ ያጋባ ይመስለኛል፦ ተሰባስቦ ቡድን መሆን በራሱ ክፋት አይደለም፤ ጠላታችን ጥቃቱ ነው ይሉ ነበር። በዚያ ሰፈር ያላደገ ሰው ይህን ልዩነት አይለይም። ልጁ ከማን ጋር ወደ ትምህርት ቤት እንደሚሄድ የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ የሚኖርበት መንገድ ነው።

ሉዊስ ብራውን የዚህ ቡድን አባል ነበር፤ ዕድሜው 15። የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዝዳንት እሆናለሁ ይል ነበር። በታኅሣሥ 20 ቀን 1993 ወደ ቡድኑ የገና ግብዣ ሲሄድ፣ እሱ በማያውቀው ጠብ መሐል በተተኮሰ ጥይት ተመታ፤ ሞተም። ይህን ሁልጊዜ ለአዲስ በጎ ፈቃደኞች እናገራለሁ፤ ማስፈራራቴ አይደለም። ጥሩ ልጅ ማሳደግ፣ ጥሩ ቡድን ውስጥ ማስገባት፣ ጥሩ አዋቂ ከጎኑ ማቆም፣ ሁሉም ተደርጎ ልጁ ሊሞት ይችላል። ይህን ሳይቀበል የሚገባ ሰው የመጀመሪያው ሐዘን ሲመጣ ይጠፋል፤ ልጆቹም የጠፋውን አዋቂ አይረሱም።

እናቱ ክለመንቲና ቼሪ አልጠፋችም። በ1994 በልጇ ስም የሰላም ተቋም መሠረተች፤ ከመምህራን ጋር ሆና ከሉዊስ ሕይወት የተነሳ የሰላም ትምህርት ለቦስተን ትምህርት ቤቶች አሰናዳች፤ በ1996 በእናቶች ቀን የሰላም ጉዞ ጀመረች። የተገደለውንም የገዳዩንም ቤተሰብ መደገፍ አለብን ማለቷ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደውና ከሁሉ የምማርበት ነው።

ሉዊስ በሞተበት በ1993 ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጃክሰን ካትዝና ባልደረቦቹ ሌላ ፕሮግራም ጀመሩ። ጥያቄውን ለአጥቂው ወይም ለተጠቂዋ ሳይሆን ቆሞ ለሚያየው ጓደኛ አቀረቡ፦ ግብዣ ላይ አንዱ የፍቅረኛውን ክንድ ጨምድዶ ሲጎትት ብታይ ምን ታደርጋለህ? በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከፍ ያሉት ክፍሎች ተማሪዎች ገና የገቡትን ያወያያሉ። የእኛም ቅዳሜ ከዚህ ብዙ ወስዷል።

በአገር ቤት የፀረ ኤድስ ክበባትን ያየ ሰው የአቻ ለአቻ ትምህርትን ያውቀዋል። ቢሆንም ከእኛው ሰዎች ሁልጊዜ ተቃውሞ ይገጥመኛል። ልጇን ለማስመዝገብ የመጣች አንዲት እናት፣ «እታለም፣ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባል የለ? አንቺ ራስሽ ለምን አታስተምሪያቸውም?» አለችኝ። አርብ ማታ ስልኩ ላይ ማን ማንን እንደሰደበ፣ ሰኞ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ማን ማንን እንደሚጠብቅ እኔ እንደማልሰማ፣ ልጇ ግን እንደምትሰማ ነገርኳት። ፈቃድ ወረቀቱን ፈረመች።

የአዋቂው ሥራ ግን አነስተኛ አይደለም። ልጆቹ ከማስተማራቸው በፊት ጨዋታውን ስንለማመድ፣ ቀናተኛ ፍቅረኛ ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አንዷ ተነስታ ከክፍሉ ልትወጣ ትችላለች፤ ተከትያት መውጣት የእኔ ድርሻ ነው። ትምህርቱ ሲሰጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ዝም እላለሁ፤ ቢሳሳቱም አላርምም፣ በኋላ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ። ዋናው ሥራ ደወል ከተደወለ በኋላ ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ ቀስ ብሎ ወደ አስተማሪው ልጅ ይጠጋና በቤቱ የሚሆነውን ይነግረዋል። የ16 ዓመት ልጅ ያንን ምስጢር ብቻውን ይዞ ቤቱ መግባት የለበትም። ከጎኑ ቆሜ፣ ነገሩን አብረን ወደ ትምህርት ቤቱ አማካሪ እናደርሳለን፤ ከዚያም አስተማሪውን ልጅ ደጁ ድረስ አደርሰዋለሁ፤ መንገድ ላይ ካወራ እሰማለሁ፣ ካላወራም አልጠይቅም።

በየመስከረሙ አዲስ ቡድን ሲጀመር ታዳጊዎቹ አዋቂዎቹን ራሳቸው ይጠይቃሉ። ባለፈው ጊዜ አንዲት ልጅ ለአመልካቹ ሁሉ ያቀረበችው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «በሰኔም ትኖራለህ?»