ከገጠር አገልግሎት እስከ ቴክኖሎጂ ኩባንያ፦ የተማሪ የተግባር ልምምድ ታሪክ ከሮቢት ሲታይ

ኢንተርንሺፕ የሚባለው የተማሪ የተግባር ልምምድ ዛሬ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የምህንድስናና የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍሎች የሥርዓተ ትምህርቱ አካል ነው። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ በብዙ ቦታ ሦስተኛ ዓመቱን እንደጨረሰ ክረምቱን፣ የምህንድስና ተማሪ ደግሞ አራተኛ ዓመት ላይ አንድ ሴሚስተር ከግቢ ወጥቶ በመሥሪያ ቤት ያሳልፋል። ልማዱ አዲስ ቢመስልም ተማሪን ከክፍል አውጥቶ ሥራ ላይ ማዋል በአገሩ ሰባ ዓመት አልፎታል። በነዚህ ዓመታት ከሁሉ በላይ የተለወጠው የጉዞው አቅጣጫ ነው። ድሮ ተማሪው ከአዲስ አበባ ወደ ገጠር ይላክ ነበር፤ አሁን ከገጠር ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ያን ጊዜ ወጪውን የሚሸፍነው ላኪው ነበር፤ አሁን በአብዛኛው ቤተሰብ ነው። እንደ ሮቢት ካለች የወሎ ራያ ቆላ ከተማ ሆኖ ለሚያየው ለውጡ በግልጽ ይታያል።

ትምህርትን ከሥራ ጋር እያፈራረቁ ማስተማርን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ በሥርዓት የጀመረው የአሜሪካው ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኸርማን ሽናይደር የተባለ የምህንድስና መምህር እ.ኤ.አ. በ1906 በ27 ተማሪዎች ጀመረው። እዚያ ተማሪው የሚላከው ወደ ፋብሪካ ነበር። በኢትዮጵያ ግን ከቀዳሚዎቹ መልመጃ ቦታዎች አንዱ ጤና ጣቢያ ሆነ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የኮሚኒቲ ነርስና የሳኒቴሽን ተማሪዎቹን በቡድን አደራጅቶ እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። አንዱ በሽተኛ ሲያይ አንዷ እናቶችን ትከታተላለች፤ ሌላው ስለ ምንጭና ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ይሠራል። ሦስቱም ሲመረቁ የሚጠብቃቸው ሥራ ይኸው ነበር። የልምምዱ ቦታና የወደፊቱ ሥራ እንዲህ የገጠሙበት ጊዜ ከዚያ ወዲህ ብዙ አልታየም።

በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ የሰፋ ነገር ጀመረ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በተባለው በዚህ መርሐ ግብር ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር ማገልገል ግዴታው ሆነ። የምህንድስናውም የሕጉም ተማሪ ቢሆን አብዛኛው የሚመደበው ለአስተማሪነት ነው፤ በየአውራጃው ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህር ያጥር ነበርና። መጠነኛ የኑሮ አበል ይከፈለው ነበር። ከሙያ ልምምድ አንጻር ሲታይ መርሐ ግብሩ ጉድለት ነበረበት፤ ድልድይ ለመሥራት የተማረ ሰው ዓመቱን አልጀብራ ሲያስተምር ይከርማል። ፍሬው በሌላ በኩል መጣ። በከተማ ያደገው ተማሪ የጭሰኛውን ኑሮ በዓይኑ አየ። በዚያው ዓመት የካቲት ወር ላይ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ። ሰልፉን አገልግሎቱ ወለደው ማለት አይቻልም፤ ከዚያ በኋላ ግን ጥያቄው ከመጽሐፍ ወጥቶ በየአውራጃው ከደረሰ ተማሪ አንደበት የሚሰማ ሆነ።

ወሎ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። በ1965 ዓ.ም. ድርቁ ሲበረታ የራያና የቆቦ ገበሬ ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ ምጽዋት እስከመለመን ደረሰ። ወደ ወሎ የሄዱ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ያነሷቸው ፎቶግራፎች በግቢው ለእይታ ቀረቡ፤ ተማሪውም ተቆጣ። በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ መንግሥቱ ወደቀ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 12 ቀን የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ደግሞ የቀደመውን አገልግሎት በእጅጉ አስፍቶ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አዘመተ። ዘማቹ ማይምነትን ሊያጠፋ፣ ገበሬውን ሊያደራጅና፣ የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ አዋጁን ሊያስፈጽም ነበር የሄደው። ይህን ልምምድ ብሎ መጥራት ያስቸግራል፤ የፖለቲካ ግዳጅ ነበርና። ነገር ግን ተማሪ በጅምላ ከከተማ ወደ ገጠር የተንቀሳቀሰበት ትልቁ ጉዞ ይኸው ነው።

ከዘመቻው በኋላ ነገሩ ቀዝቅዞ ቆየ። ወደ ሶቭየት ኅብረትና ወደ ሌሎች የሶሻሊስት አገሮች የተላኩት ኢትዮጵያውያን የፋብሪካ ልምምድ ግዴታ የሆነበት የትምህርት ሥርዓት ገጠማቸው። በአገር ቤት ግን የምህንድስና ትምህርት ከሰሌዳና ከቤተ ሙከራ እምብዛም አልወጣም። ለውጡ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። በመጀመሪያ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች አፓረንትሽፕን፣ ኋላም 70 በመቶ ተግባር 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ የሚለውን የትብብር ሥልጠና ያዙ። ቀጥሎ በ1998 ዓ.ም. በጀርመን ድጋፍ የተጀመረው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም የዩኒቨርሲቲውን ትምህርት በጀርመን አርአያ ሲያሻሽል የኢንዱስትሪ ልምምድ በሥርዓተ ትምህርቱ ገባ። የጀርመኑ ሥርዓት ግን ተማሪ መቀበልን እንደ ሥራው በሚቆጥር ኢንዱስትሪ ላይ የቆመ ነው። ያን የሚያህል ኢንዱስትሪ እዚህ አልነበረም፤ ኢንተርኑ ከአሠሪው ቀድሞ ደረሰ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአሠራሩ ዝርዝር ይህን ያሳያል። ትምህርት ክፍሉ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል የትብብር ደብዳቤ ይጽፋል፤ ተማሪው ደብዳቤውን ይዞ ቢሮ ለቢሮ ይዞራል። የሚቀበለው ሲያገኝ ሎግ ቡክ ይሰጠዋል፤ በየቀኑ የሠራውን መዝግቦ በየሳምንቱ ያስፈርማል። መጨረሻ ላይ ድርጅቱ የግምገማ ቅጹን ሞልቶ፣ ማኅተም አድርጎ በታሸገ ፖስታ ይልካል፤ ተማሪውም ሪፖርት ጽፎ በመምህራን ፊት ያቀርባል። ወረቀቱ የተሟላ ነው። ሥራው ግን እንደ ዕድል ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የአይሲቲ ክፍል የተመደበ የኮምፒዩተር ተማሪ ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ ይጭናል፣ የተጣበቀ የፕሪንተር ወረቀት ያወጣል፣ የኔትወርክ ገመድ ያዘጋጃል። የገመዱ ሥራ ቀላል ይመስላል፤ ግን የራሱ ዘዴ አለው። ስምንቱ ቀጫጭን ሽቦዎች ከተፈቱ በኋላ በቅደም ተከተል ይደረደራሉ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ጫፋቸው እኩል ተቆርጦ ፕላስቲክ መሰኪያ ውስጥ ገብተው ክሪምፐር በሚባል ፒንሳ ይጠበቃሉ። አንዱ ሽቦ ከቦታው ከተዛነፈ ገመዱ በወጉ አይሠራም። አልጎሪዝም ሲማር ለቆየ ልጅ ይህ ውርደት ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ቢሮ ኢንተርኔት የሚያገኘው በምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር የለም።

ክፍያውም እንዲሁ እንደ ዕድል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከለማጅ ሠራተኛ ውል በቀር ለትምህርትና ለሥልጠና የሚደረጉ ውሎችን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጓቸው ነበር። በደብዳቤ ብቻ የገባ ኢንተርን የትራንስፖርትና የምሳ ገንዘብ ማግኘቱ በድርጅቱ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ሆኖ ቆይቷል።

የሶፍትዌር ኩባንያዎች እየበዙ ሲመጡ ደግሞ ሌላ ዓይነት ልምምድ ተፈጠረ። የፈጠራ ማዕከሉ አይስአዲስ እ.ኤ.አ. በ2011፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ የሚሠራው አይኮግ ላብስ በ2013 አዲስ አበባ ላይ ተመሠረቱ። አይኮግ ሶፊያ በተባለችው ሮቦት ሥራ ላይ በመሳተፉ ስሙ ወጣ፤ ተማሪዎችንም ለልምምድ ሲቀበል ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው ኤ ቱ ኤስ ቪ (A2SV) የተባለው የሥልጠና ፕሮግራም በበኩሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የቃለ መጠይቅ ጥያቄ ወራት ሙሉ እያሠለጠነ አንዳንዶቹን እስከ ጉግል ኢንተርንነት አድርሷል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርና የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩትም ለወጣቶች የክረምት ሥልጠና ያዘጋጃሉ። በአገር ውስጥ የሁሉም ዋና ማረፊያ አዲስ አበባ ነው።

ሮቢት ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከሸዋ ሮቢት ጋር የሚያምታታት ብዙ ነው፤ ይህችኛዋ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከጎብዬ ቀጥላ የምትገኝ የራያ ቆቦ ወረዳ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ሜዳ ማሽላና ጤፍ ያበቅላል። ከዚህ አካባቢ የወጣ ተማሪ ክረምቱን አዲስ አበባ ልምምድ ላይ ላሳልፍ ቢል ግቢው ዝግ ስለሆነ መኝታም ምግብም ከኪሱ ነው፤ ዘመድ ያለው ዘመዱ ቤት ያርፋል፣ የሌለው ከጓደኞቹ ጋር ክፍል ይከራያል። በዚያ ላይ ሐምሌ የሽልሻሎ ወር ነው። ማሽላው ከፍ ሲል በቡቃያው መካከል በበሬ ይታረሳል፤ አረሙም ይከተላል፤ የሰው እጅ የሚፈለገው በዚህ ጊዜ ነው። ቤተሰቡ የሚከፍለው እንግዲህ ሁለት ጊዜ ነው፤ ገንዘብ ይልካል፣ ጉልበትም ያጣል። ለኩባንያ ማን ይገባል የሚለውን ከችሎታ እኩል የሚወስነው አዲስ አበባ ዘመድ መኖር አለመኖሩ ነው ማለት ይቻላል።

በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ለአካባቢው አቀረበ፤ መልመጃ ቦታውን ግን ማቅረብ አልቻለም። ለሁሉም ሙያ ነገሩ እኩል አይደለም። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት የጥልቅ ጉድጓድ ፓምፖቹና የጠብታ መስኖው ለውኃ ምህንድስና ተማሪ የሚሆን ሥራ አላቸው። ለግብርና ተማሪም የሲሪንቃ ምርምር ማዕከል ማሽላ የሚሞክርበት ማሳ ቆቦ ላይ አለ። እውነቱ ሲነገር በራያ ቆላ ቴክኖሎጂ ማለት በአመዛኙ ውኃና ዘር ነው፤ ለሶፍትዌር ተማሪ ግን የቀረው ባንክ፣ ቴሌና የወረዳ ቢሮ ነው።

በርቀት መሥራት ይህን ርቀት ያጠፋል የሚለው ተስፋ የተሰማው በኮሮና ጊዜ ነው። ራያ ግን ወዲያው ጦርነት ገባበት። ቆቦ በሐምሌ 2013 ዓ.ም.፣ ወልድያም ብዙ ሳይቆይ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቁ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በዚያው ቆዩ። ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፣ ተማሪው ተበተነ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ቆቦ እንደገና ተያዘች። ሰላም ወረደ ከተባለ በኋላም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ኮድ ጽፎ መላክ ቀርቶ የማመልከቻ ቅጽ መሙላት የማይቻልበት ጊዜ ነበር።

በዚያው 2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለተመራቂዎች ሁሉ ተጀመረ። ፈተናው በኮምፒዩተር የሚሰጥ የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ሎግ ቡክና የታሸገ ፖስታ እዚያ ውጤት የላቸውም። ትምህርት ክፍሎች ልምምዱን አልሰረዙትም። ተማሪው ግን ደብዳቤ ይዞ አዲስ አበባ ከመዞር ይልቅ ወልድያ ወይም ቆቦ ላይ ፊርማ በቀላሉ የሚሰጠውን ቢሮ መርጦ፣ የቀረውን ሰዓት ለፈተናው ጥናት ማዋል ያዋጣዋል።