ሥርዓተ ፆታን ያገናዘበ ካሳ

በዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት ሕግ ካሳ ገንዘብ መክፈል ብቻ አይደለም፤ ተበዳይን ወደ ቀድሞ ሁኔታው መመለስን፣ ሕክምናንና በደሉ እንዳይደገም ዋስትና መስጠትን ይጨምራል። ለብዙ ሴቶች ግን የቀድሞው ኑሮ ራሱ የጥቃቱ ምንጭ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2001 በሜክሲኮዋ ሲዩዳድ ኹዋሬዝ ከተማ፣ የተገደሉ ወጣት ሴቶች አስከሬን በአንድ የጥጥ ማሳ ላይ ተገኘ። ልጆቻቸው ጠፍተውባቸው አቤት ያሉ እናቶችን ባለሥልጣናት «ከወንድ ጓደኛዋ ጋር ሄዳ ይሆናል» በሚል ስሜት መልሰዋቸው ነበር፤ ፍለጋውም እጅግ በሚያስፈልግባቸው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተጓተተ። ይህ ንቀት ራሱ ሌላ በደል ነው። የኢንተር አሜሪካ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በዚህ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2009 በሰጠው ፍርድ፣ ሴቶችን ወደዚያው አድልዎ ወደሞላበት ኑሮ መመለስ ተቀባይነት እንደሌለው፣ ካሳም ሁኔታውን የሚለውጥ መሆን እንዳለበት አስረዳ። ከገንዘቡ ሌላ ቸል ያሉ ሹማምንት እንዲጠየቁ፣ ፖሊሶችና ዳኞች እንዲሠለጥኑ፣ በከተማዋም ለሟቾቹ መታሰቢያ ሐውልት እንዲቆም አዘዘ።