መፈለግና መነየት

«ሐጅ ማድረግ እፈልጋለሁ» በሚል ሰውና «ለሐጅ ነይቻለሁ» በሚል ሰው መካከል ልዩነት አለ። የፊተኛው ልቡ የወደደውን፣ የኋለኛው ልቡ የቆረጠበትን ይናገራል።

ይህ ልዩነት በሩቅ ወንድሞቻችን ቋንቋም ይገኛል። ማላይኛና ኢንዶኔዥያኛ ተናጋሪዎች ፍላጎታቸውን የሚገልጹባቸው «ማው»፣ «ሄንዳክ» እና «ኢንጊን» የሚሉ ቃላት አሏቸው። «ማው» እንደ አነጋገሩ «እፈልጋለሁ» ወይም «ላደርግ ነው» ሊሆን ይችላል። ለሶላትና ለጾም የሚነይቱት ግን «ኒያት» በሚለው ቃል ነው። ይህም ልክ እንደ እኛው «ነየተ» ከዐረብኛው «ኒያ» የመጣ ነው።

የኒያን ነገር ለማስተዋል የመተማን ታሪክ ማየት ይበቃል። ተክሩሪ የተባሉት የምዕራብ አፍሪካ ሙስሊሞች መካን ነይተው በዳርፉርና በሰናር በኩል ወደ ምሥራቅ ይጓዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1814 ሱዳንን ያቋረጠው ስዊሳዊው ተጓዥ ቡርክሃርት፣ ከመንገዶቻቸው አንዱ በጎንደርና በአክሱም አልፎ ምጽዋ እንደሚደርስ ጽፏል። አብዛኞቹ ድሆች ስለነበሩ ስንቃቸውን የሚያገኙት በየደረሱበት በጉልበታቸው እየሠሩ ነበር። ጉዞው ዓመታት ይፈጃል። ከፊሎቹ በመተማና በገላባት ቀርተው መንደር መሠረቱ። እንግሊዛዊው ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 በዚያ ሲያልፍ ተክሩሪዎቹ በራሳቸው ሸኽ ሥር ሆነው አገኛቸው፤ ለግብጽም ለሐበሻም ይገብሩ ነበር።

መንገድ ላይ የሞቱትስ? አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 100፣ ወደ እርሱና ወደ መልእክተኛው ተሰዶ ሞት ለቀደመው ሰው ምንዳው እርሱ ዘንድ የተረጋገጠ መሆኑን ነግሮናል። ብዙ ዑለሞች ለሐጅ የወጣውንም በዚህ ተስፋ ያካትቱታል። እርሻና ልጆች ይዘዋቸው የቀሩትን ደግሞ ልባቸውን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ እኛ አንፈርድም። ነገር ግን ኒያ ካልታደሰ በኑሮ ብዛት ሊደበዝዝ እንደሚችል ከእነርሱ እንማራለን።

ከመተማ በስተሰሜን ባለችው አብደራፊ ሰላም በሆነ ዓመት ለሰሊጥ አጨዳ ብዙ የቀን ሠራተኛ ከደጋ ይወርዳል። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ያጭዳሉ። አንዱ ወላጆቹን ለአላህ ብሎ ሊጦር፣ ሌላው ገንዘቡን ብቻ ሽቶ ነው። ማጭዱ አንድ፣ የቀን ዋጋውም አንድ ነው፤ ምንዳው ግን ይለያያል። ኢማም አል-ቡኻሪ ሶሒሓቸውን ሥራ ሁሉ በኒያ እንደሚለካ በሚያስተምረው ሐዲስ የከፈቱት ያለ ምክንያት አይደለም።

አንባቢ ሆይ! የሰሊጥ ገበሬ እንደሚያውቀው፣ የደረሰ ሰሊጥ በጊዜው ካልታጨደ ይረግፋል። ስንት ዓመት «እፈልጋለሁ» ሲሉ የቆዩት ነገር አለ? ዛሬ ይነይቱት፤ የመጀመሪያውንም እርምጃ ይራመዱ። አላህ ኒያችንን ያሳምርልን፤ ሥራችንንም ይቀበለን። አሚን።