በዘር የሚወረስ የቀይ ደም ሕዋስ ሕመምና በትንንሽ ቀዳዳዎች የሚከናወን የጣፊያ ቀዶ ሕክምና

ጣፊያ በግራ ጎን፣ ከጎድን አጥንቶች ሥር የሚገኝ፣ ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳትን የሚያስወግድና ሰውነትን ከተዋሲያን የሚከላከል አካል ነው። ጤናማ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀናት ያህል ይኖራል። ስፌሮሳይቶሲስ በተባለው የዘር ሕመም ግን ሕዋሱ ጠፍጣፋ ቅርጹን አጥቶ ኳስ መሰል ስለሚሆን ጣፊያ ያለ ዕድሜው ይሰባብረዋል። ውጤቱም የደም ማነስ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የጣፊያ ማበጥና የሐሞት ጠጠር ነው።

ሕመሙ ሲጠና ጣፊያው በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ቀድሞ ሆድ በሰፊው ይከፈት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ ግን ላፓሮስኮፒ በሚባለው ዘዴ፣ በጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች ገብተው ሥራው ይከናወናል። ታካሚው ሕመሙ ይቀንስለታል፤ ወደ እርሻውና ወደ ሥራውም ቶሎ ይመለሳል። ሙሉ ሰመመንና ልዩ ባለሙያ ስለሚጠይቅ በከፍተኛ ሆስፒታል የሚሰጥ ሕክምና ነው።

በጋምቤላ ግን ያበጠ ጣፊያ ሁሉ የዘር ሕመም ምልክት አይደለም፤ ተደጋጋሚ የወባ ሕመምም ጣፊያን ያሳብጣል። ስለዚህ የደም ምርመራ ይቀድማል።

ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም እጥረትም በዘር የሚወረስ ሲሆን፣ በጋምቤላ ሆስፒታል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በክልሉ መኖሩን አሳይቷል። የዚህ እጥረት መፍትሔ በአብዛኛው ቀዶ ሕክምና ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። ፕሪማኪን የተባለው የወባ መድኃኒትና ባቄላ የሕሙማኑን ቀይ የደም ሕዋስ ሊያፈርሱ ይችላሉ። መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ሽንቱ የጠቆረ ወይም ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ሊሄድ ይገባል።

ጣፊያ የሌለው ሰው በወባና በባክቴሪያ በብርቱ ሊጠቃ ይችላል። በባሮ ዳርቻና በሌሎች ወባማ ቀበሌዎች ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ከውሳኔ በፊት በጥሞና ሊመዘን የሚገባው ጉዳይ ነው። በመሆኑም፦

- ለሳንባ ምችና ለማጅራት ገትር መከላከያ የሚሆኑ ክትባቶች ቢቻል ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ይሰጣሉ።
- የሕፃናት ቀዶ ሕክምና፣ ሁኔታው ከፈቀደ፣ 6 ዓመት እስኪሞላቸው ይዘገያል።
- ከሕክምናው በኋላ በየሌሊቱ በአጎበር ሥር መተኛት ግድ ነው።
- ትኩሳት ከታየ ነገ ሳይባል በዕለቱ መታከም፣ ጣፊያ አለመኖሩንም ለጤና ባለሙያው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።