የቤት ሚዲያ ሰርቨር

የቤት ሚዲያ ሰርቨር ማለት ፊልም፣ ሙዚቃ፣ ፎቶና የቴሌቪዥን ስርጭት በአንድ ቦታ ይዞ በቤት ውስጥ ኔትወርክ አማካኝነት ለቴሌቪዥን፣ ለስልክና ለሌሎች ኮምፒውተሮች የሚያሰራጭ ኮምፒውተር ነው። የቴሌቪዥን መቀበያ ካርድ ከተገጠመለት ፕሮግራሞችን በተያዘላቸው ሰዓት ራሱ ይቀዳል። ከዩቲዩብና ከመሰል አገልግሎቶች የሚለየው ይዘቱ በቤቱ ሃርድ ዲስክ ላይ መቀመጡ ነው። በመሆኑም በትክክል ከተዘጋጀ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል።

ታሪክ

ቴሌቪዥንን በሃርድ ዲስክ የሚቀዱ የቤት መሣሪያዎች ገበያ ላይ የዋሉት በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ቲቮ እና ሪፕሌይቲቪ የተባሉት ናቸው። በ2002 እ.ኤ.አ. አይዛክ ሪቻርድስ ሚዝቲቪ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጀመረ፤ በዚህም ተራ ኮምፒውተር ተመሳሳይ ሥራ መሥራት ቻለ። በኤክስቦክስ የጨዋታ መሣሪያ ላይ የተጀመረው ኤክስቢኤምሲ በ2014 እ.ኤ.አ. ስሙ ኮዲ ተባለ። ጄሊፊን የተወለደው ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. ኤምቢ የተባለው ፕሮግራም ምንጭ ኮዱን ለሕዝብ ክፍት ማድረጉን ሲያቆም ነው።

ስርጭቱ በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ቴሌቪዥን የሚታየው በዲሽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበርና ኤስኢኤስ የተባለው የሳተላይት ኩባንያ ኢትዮሳትን ከጀመሩ በኋላ በርካታ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት ተዛውረዋል። ይህ ሳተላይት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ይገኛል፤ ናይልሳት ግን በ7 ዲግሪ ምዕራብ ነው።

በአዊ ዞን ከምትገኘው ከጫግኒ ሲሰላ፣ ለኤንኤስኤስ-12 ዲሹ ወደ ምሥራቅ-ደቡብ ምሥራቅ (ከሰሜን በስተቀኝ 117 ዲግሪ ገደማ) ዞሮ ከአድማስ 63 ዲግሪ ያህል ቀና ይላል። ናይልሳት በተቃራኒው በምዕራብ-ደቡብ ምዕራብ በኩል 39 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ለመቀበል ሁለት ዲሽ ያስፈልጋል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

* ኮምፒውተር፦ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። ባትሪው መብራት ሲጠፋ ለተወሰነ ጊዜ ይይዘዋል።
* የሳተላይት መቀበያ ካርድ፦ ዲቪቢ-ኤስ2 የሚቀበልና በሊኑክስ የሚሠራ መሆኑ ከመግዛት በፊት መጣራት አለበት። በዩኤስቢ የሚሰካም፣ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገጠምም አለ።
* ሁለት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ፦ አንዱ ገመድ ወደ ቤቱ ሪሲቨር፣ ሌላው ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል። በአንድ ገመድ ሁለቱን ማገልገል አይመችም፤ ምክንያቱም መቀበያው 13 ወይም 18 ቮልት በመላክ የሚፈልገውን የሞገድ አቅጣጫ ስለሚመርጥ አንዱ የሌላውን ምርጫ ያበላሻል።
* ሃርድ ዲስክ፦ በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚልክ ጣቢያ በሰዓት 0.9 ጊጋባይት፣ 6 ሜጋቢት የሚልክ ባለ ከፍተኛ ጥራት ጣቢያ 2.7 ጊጋባይት ይወስዳል። 1 ቴራባይት ዲስክ ከሁለተኛው 370 ሰዓት ገደማ ይይዛል።
* ራውተር፦ የኢንተርኔት መስመር ባይኖረውም የቤቱን ዕቃዎች እርስ በርስ ያገናኛል።

አዘገጃጀት

የተለመደው አሠራር ሁለት ፕሮግራሞችን ማጣመር ነው። ቲቪሄድኤንድ ካርዱን ይቆጣጠራል፣ ጣቢያዎችን ይፈልጋል፣ ይቀዳል። ጄሊፊን ደግሞ የተቀዳውን በሥዕልና በርዕስ አደራጅቶ ያሳያል። ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ የውጭ አገር አካውንትም አይጠይቁም። ፕሌክስ ለአጠቃቀም ቀላል ቢሆንም ቴሌቪዥን ለመቅዳት ክፍያ ይጠይቃል፤ አካውንትም የሚረጋገጠው በኢንተርኔት ነው።

ሊኑክስ ከተጫነ በኋላ ካርዱ መታወቁ ይረጋገጣል። ቀጥሎ በቲቪሄድኤንድ ውስጥ ሳተላይቱ ተመርጦ ጣቢያዎች ይፈለጋሉ። ሰርቨሩ በኔትወርኩ ውስጥ የማይለወጥ አድራሻ ይሰጠዋል። ለምሳሌ አድራሻው 192.168.1.10 ከሆነ፣ በስልክ ብራውዘር 192.168.1.10:9981 ሲጻፍ ቲቪሄድኤንድ፣ 192.168.1.10:8096 ሲጻፍ ጄሊፊን ይከፈታል። ፕሮግራሞቹን ለማውረድ ኢንተርኔት ቢያስፈልግም ከዚያ በኋላ ለማየትና ለመቅዳት አያስፈልግም። በአንድ ትራንስፖንደር ላይ ያሉ ጣቢያዎችን ሁሉ በአንድ ካርድ በአንድ ጊዜ መቅዳት ይቻላል። በተለያዩ ትራንስፖንደሮች ላይ ያሉትን አብሮ ለመቅዳት ግን ሁለተኛ ካርድ ይጠይቃል። እንደ ዲኤስቲቪ ያሉ የተቆለፉ ጣቢያዎች በዚህ መንገድ አይከፈቱም።

የሰዓት አቆጣጠር

ሰርቨሩ የሚጠቀመው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ሲሆን የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ተብሎ ይሞላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በተነገረው የቀን ሰዓት ላይ 6፣ በምሽቱና በሌሊቱ ላይ 18 ይደመራል፤ ድምሩ 24 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 24 ይቀነሳል። ስለዚህ የምሽት 2 ሰዓት ዜና 20:00 ላይ ይያዛል። ሌሊት 7 ሰዓት 1:00 ነው፤ በሰርቨሩ አቆጣጠር ግን ቀኑ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ስለተለወጠ በማግስቱ ቀን መመዝገብ አለበት። ፕሮግራሞች ሰዓታቸውን ሁልጊዜ ስለማይጠብቁ ከመጀመሪያው ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ፣ ከመጨረሻው አሥር ደቂቃ ያህል ዘግይቶ እንዲቀዳ ማድረግ ይበጃል።

መብራትና ኢንተርኔት ሲቋረጡ

በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከዲሽ ተቀብሎ በቤት ውስጥ የሚያሰራጭ ሰርቨር ሥራውን ይቀጥላል፤ ይሁንና ሦስት ነገሮች ሊያሰናክሉት ይችላሉ።

የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ከራስፕቤሪ ፓይ 5 በፊት የነበሩት የራስፕቤሪ ፓይ ኮምፒውተሮች መብራት ሲጠፋ ሰዓት የሚጠብቅ ክፍል የላቸውም፤ ሲነሱ ትክክለኛውን ሰዓት የሚያገኙት ከኢንተርኔት ነው። ኢንተርኔት ከሌለ የተሳሳተ ሰዓት ይዘው ስለሚነሱ የተያዘው ቅጂ ያመልጣል። ላፕቶፕ ለሰዓት የተለየ ባትሪ ስላለው ይህ ችግር አይገጥመውም። ቲቪሄድኤንድም ሰዓቱን ከሳተላይቱ ስርጭት እንዲያስተካክል ማዘዝ ይቻላል።

ሁለተኛው የፋይሉ ዓይነት ነው። ኤምፒ4 ፋይል ማውጫውን አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ስለሚጽፍ ቅጂው መሀል ላይ ከተቋረጠ አይከፈትም። ስርጭቱ በመጣበት በትራንስፖርት ስትሪም መልክ የተቀመጠ ቅጂ ግን እስከተቋረጠበት ድረስ ይታያል።

ሦስተኛው የመቀበያው ኃይል ነው። ኤልኤንቢው ኃይል የሚያገኘው ከመቀበያው ስለሆነ ብዙዎቹ የዩኤስቢ መቀበያዎች የራሳቸው አዳፕተር አላቸው። ላፕቶፑ በባትሪ ቢቆይም መቀበያው ከጠፋ ቅጂው ይቆማል። መቀበያውንና ራውተሩን ከአነስተኛ ዩፒኤስ ጋር ማገናኘት ይህን ይፈታል።

የአማርኛ ጽሑፍ

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። የፊልም የግርጌ ጽሑፍ በዩቲኤፍ-8 ካልተቀመጠ በተዘበራረቁ ምልክቶች ይታያል። በሰርቨሩ ወይም በማሳያው ላይ የግዕዝ ፎንት ከሌለ ደግሞ በፊደሎቹ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ይወጣሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው ነፃ ፎንት ሲጫን ይስተካከላል።

ሕግ

በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 እ.ኤ.አ. ሶኒን በሚመለከተው የቤታማክስ ክርክር ፕሮግራምን በኋላ ለማየት በቤት ውስጥ መቅዳት የቅጂ መብት ጥሰት እንዳልሆነ ወስኗል። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ግለሰብ ለግል ጥቅሙ ብቻ ይፋ የሆነን ሥራ በአንድ ቅጂ እንዲያባዛ ይፈቅዳል። የተቀዳውን በፍላሽ እየጫኑ መሸጥ ግን ከዚህ ፈቃድ ውጭ ነው፤ የባለመብቱን ስምምነት ይጠይቃል።